«አይተነው አናውቅም» ማለት «አይችልም» ማለት አይደለም

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ውስጥ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ዜና ይወጣል። የቅዳሜው ተጋጣሚ ዋና ኳርተርባክ ተጎድቷል፤ ተጠባባቂው ይሰለፋል። ዜናው በወጣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሌላኛው ቡድን ደጋፊዎች ድግስ ይጀምራሉ። ልጁ እኮ አንድም ጨዋታ ጀምሮ አያውቅም፣ ገና አንደኛ ዓመት ነው፣ በቃ አለቀ! ከዚያ በኋላ እስከ ቅዳሜ ድረስ «ግን እኮ…» ብሎ የሚጠራጠር ሰው እንደ ከሃዲ ይታያል።

እኔ ከከሃዲዎቹ ወገን ነኝ። «አይተነው አናውቅም» የሚለው ወሬ ስለ እኛ ይናገራል፤ ስለ ልጁ ገና ምንም አልተናገረም። ደጋፊዎች ግን ሁለቱን ያቀላቅሏቸዋል፤ የራሳቸውን አለማወቅ የእሱ ድክመት አድርገው ይመዘግቡታል። ነገሩ የቡና ላይ ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ማንም ባልተጎዳ ነበር። ግን አይቀርም። ገንዘብ ይበላል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የአንድ ቡድን ሙሉ ዓመት በልቷል።

ይሄን ጨዋታ የማትከታተሉ ካላችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። አጥቂው ቡድን 10 ያርድ፣ ማለትም ወደ 9 ሜትር ገደማ ለመሄድ አራት ዕድል አለው። በእያንዳንዱ ዕድል ኳሱ መጀመሪያ የሚደርሰው ኳርተርባኩ እጅ ነው። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ሰዎች ሊጥሉት እየመጡበት በሦስት ሰከንድ ገደማ ውስጥ መወሰን አለበት። ልወርውር? ለማን? ለሯጩ ላስረክብ? ወይስ ራሴ ልሩጥ? በኛ ኳስ አንድ አማካይ ቢጎዳ ጨዋታውን በክንፍ በኩል ማዞር ይቻላል። እዚህ ግን መንገዱ ሁሉ በአንድ ሰው በኩል ነው የሚያልፈው። ስለዚህ የእሱ ጉዳት ትልቅ ዜና መሆኑ ትክክል ነው።

በኮሌጅ ደረጃ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዋናው ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ወሳኝ ደቂቃዎችን ሁሉ እሱ ይጫወታል። ተጠባባቂው የሚገባው ጨዋታው 45 ለ 7 ሆኖ ካለቀለት በኋላ ነው፤ ያኔም አሰልጣኙ ሰዓቱን ለመጨረስ ሲል ኳሱን ለሯጮች እንዲያስረክብ ያደርገዋል እንጂ ብዙ አያስወረውረውም። ስለዚህ ከልምምድ ሜዳው አጥር ውጭ ያለ ሰው ስለዚህ ልጅ ያለው መረጃ ወደ ዜሮ ይጠጋል። አሰልጣኞቹ ግን በየቀኑ ያዩታል። ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ የመረጃ አለመመጣጠን የሚባለው ነው፣ ያገለገለ መኪና በሚሸጠውና በሚገዛው ሰው መካከል ያለው ዓይነት። (በነገራችን ላይ ለኔ ዓይነቱ ተመራቂ ይሄ ጉዳይ አዲስ አይደለም። «ዜሮ ዓመት ልምድ» ብሎ የሚጀምር የሥራ ማስታወቂያ ስንት ጊዜ አይታችኋል? ቀጣሪም እንደ ደጋፊው ነው፤ ያላየውን እንደሌለ ይቆጥረዋል።)

እኔ ወደዚህ ጨዋታ የገባሁት ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ በሚኖረው የአክስቴ ልጅ በኩል ነው። ኦሃዮ ስቴትን ይደግፋል፤ እዚያ ከተማ ኖሮ አለመደገፍ ከባድ ነው። እዚያ እኩለ ቀን ላይ የሚጀምር ጨዋታ እኛ ጋ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል፤ የማታው ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል አካባቢ ስለሚጀምር እሱን ለእንቅልፍ ትቼዋለሁ። ኦሃዮ ውስጥ የስፖርት ውርርድ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሕጋዊ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ ሁሉም ነገር በስልክ ያልቃል። የአክስቴ ልጅ የተጋጣሚ ኳርተርባክ መጎዳቱን ሲሰማ ሁለት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ ትኬት ይቆርጣል፤ ቀጥሎ ለኔ ይደውላል። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ መንገድ ላይ የወደቀ ብር ነው» ይለኛል።

ኢኮኖሚስቶች መንገድ ላይ ስለወደቀ ብር የቆየ ቀልድ አላቸው። እውነተኛ ብር ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው ቀድሞ ባነሳው ነበር ይላሉ። ቀልዱ ሁልጊዜ አይሠራም፤ እዚህ ጋ ግን በደንብ ይሠራል።

ውርርዱ በስፕሬድ ነው፤ እኛ ሰፈር ቤቲንግ ቤት ሃንዲካፕ የሚባለው። እንበልና ሰኞ ዕለት ቡድናችሁ በ6 ነጥብ ልዩነት ያሸንፋል ተብሎ ተገመተ። ማክሰኞ የጉዳቱ ዜና ወጣ። ረቡዕ ጠዋት ስልካችሁን ስትከፍቱ ቁጥሩ 11 ሆኗል። ይቺ የ5 ነጥብ ለውጥ ምንድን ናት? የልጁ ልምድ ማነስ ዋጋ ናት። ሁሉም ሰምቷል፣ ገበያውም ቁጥሩ ውስጥ ከትቶታል። ስለዚህ 11 ላይ ትኬት የሚቆርጥ ሰው «ተጠባባቂው ደካማ ነው» ብሎ እየተወራረደ አይደለም። «ተጠባባቂው ሰው ሁሉ ከሚያስበው በላይ ደካማ ነው» ብሎ ነው። ለዚህ ደግሞ ሌላው ሰው የሌለው መረጃ ያስፈልጋል። የአክስቴ ልጅ እጅ ያለው ሁሉም ሰው ያነበበው ያው ዜና ነው። አንዱን ዜና ሁለት ጊዜ ቆጠረው፤ አንዴ ዋጋው ውስጥ፣ አንዴ ጭንቅላቱ ውስጥ።

የሚገርመው የሱ ቡድን ራሱ የዚህ ነገር ትልቁ ምስክር መሆኑ ነው። የ2014 ውድድር ከመጀመሩ በፊት ኦሃዮ ስቴት ዋናውን ኳርተርባክ ብራክስተን ሚለርን በትከሻ ጉዳት አጣ። ተጠባባቂው ጄ.ቲ. ባሬት ገባ። ሁለተኛ ጨዋታው ላይ በገዛ ሜዳው በቨርጂኒያ ቴክ 35 ለ 21 ተሸነፈ፤ 29 ጊዜ ወርውሮ ለባልደረቦቹ የደረሱት 9 ብቻ ነበሩ፣ 3 ኳስ ደግሞ ተነጠቀ። ቨርጂኒያ ቴክ ያደረገው ግልጽ ነበር። ተከላካዮቹን ወደ ፊት መስመር አጭቆ የሩጫውን መንገድ ዘጋና ልጁን «እስቲ ወርውር» አለው። ባሬት እንዲህ ያለ አሰላለፍ በጨዋታ ላይ አይቶ አያውቅም፣ መልስም አልነበረውም። በዚያ ምሽት «ተጠባባቂ ነው፣ ምን ይጠበቃል» ያሉ ሰዎች ልክ ነበሩ።

ግን ያው ልጅ፣ ያው እግር፣ ያው እጅ፣ ከዚያ በኋላ አልተሸነፈም። ኖቬምበር 29 ከሚሺጋን ጋር ሲጫወቱ ቁርጭምጭሚቱ እስኪሰበር ድረስ። አሁን የቀረው ሦስተኛው ነበር፤ ካርዴል ጆንስ። በሳምንቱ ዲሴምበር 6 የቢግ ቴን ዋንጫ ጨዋታ አለ፣ ተጋጣሚው ዊስኮንሲን። ዊስኮንሲን በዚያ ዓመት ከ2,000 ያርድ በላይ የሮጠው ሜልቪን ጎርደን አለው። አወራራጆቹ ለዊስኮንሲን አደሉ። በዚያ ሳምንት የዊስኮንሲን ደጋፊ ብሆን እኔም ሽንኩርት መክተፍ እጀምር ነበር።

ኦሃዮ ስቴት 59፣ ዊስኮንሲን 0።

ጆንስ 17 ወርውሮ 12 አገናኘ፤ 257 ያርድ፣ 3 ታችዳውን። ሯጩ ኢዘኪየል ኤሊየት 220 ያርድ ሮጠ። ጎርደን 76 ላይ ቆመ። ከዚያ ጆንስ አላባማን 42 ለ 35፣ ኦሪገንን 42 ለ 20 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በሕይወቱ የጀመራቸው የመጀመሪያ ሦስት የኮሌጅ ጨዋታዎች እነዚህ ናቸው።

ሰው ይሄን ታሪክ ሲያወራ ተአምር ያደርገዋል። እኔ የሚስበኝ ተአምር ያልሆነው ክፍል ነው። ጆንስ ዩኒቨርሲቲው የገባው በ2012 ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ሥርዓት ውስጥ ተለማምዷል፣ እነዚያኑ ጥሪዎች ሰምቷል፣ ለእነዚያኑ ተቀባዮች ወርውሯል። «ልምድ የለውም» የተባለው የቲቪ ልምድ ስለሌለው ነው። በዚያ ላይ እንደሚጀምር አውቆ አንድ ሳምንት ተዘጋጅቷል። ከፊቱ የቆመው የተከላካዮች መስመር አልተጎዳም፣ ኤሊየትም አልተጎዳም። እና ዊስኮንሲን የሚያጠናው ብዙ ቪዲዮ አልነበረውም! የልጁ ክንድ ምን ያህል ርቀት እንደሚወረውር የሚያውቁት የኦሃዮ ስቴት ሰዎች ነበሩ። አለመታየቱ ለሱ ጥቅም ሆነ። በ2015 ሁሉም ሰው ካየውና ካጠናው በኋላ ያው ጆንስ ቦታውን በመሃል ለባሬት መልቀቁን ስታዩ ነገሩ ይበልጥ ይገባችኋል።

ከዚህ ጋር የቴክሳሱን ጋሬት ጊልበርት አወዳድሩት። ጃንዋሪ 7 ቀን 2010፣ የዋንጫ ጨዋታ፣ ተጋጣሚ አላባማ። ኮልት ማኮይ ገና በመጀመሪያው ጥቃት ተጎዳና ጊልበርት፣ የአንደኛ ዓመት ልጅ፣ እንዳለ ተወረወረ። ሳምንት አልነበረውም፤ ለሱ ተብሎ የተዘጋጀ ዕቅድም አልነበረም። 40 ወርውሮ 15 አገናኘ፣ 4 ተነጠቀ፣ ቴክሳስ 37 ለ 21 ተሸነፈ። እሱም ቢሆን ስድስት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ውጤቱን 24 ለ 21 አድርሶት ነበር። ጊልበርትም ጆንስም በዜና ላይ «ልምድ የሌለው ተጠባባቂ» ናቸው። አንዱ ድንገት የተጠራ ነው፣ ሌላው ተዘጋጅቶ የመጣ። ቃሉ አንድ ስለሆነ ነገሩም አንድ ይመስላል።

አሁን «እንግዲህ ተጠባባቂ ሁሉ ጆንስ ነው» እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ጆንስን የምናስታውሰው ብርቅ ስለሆነ ነው። ገብተው፣ ሦስት ኳስ ተነጥቀው፣ ተሸንፈው የወጡትን ማንም አያስታውሳቸውም፤ እነሱ ይበዛሉ። ሰው ተጠባባቂ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ አሰልጣኙ ከሱ የተሻለ ስላየ ነው። በአማካይ ቡድኑ ይዳከማል፤ በዚህ ከደጋፊው ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ አማካዩን አይቶ ስፋቱን ከሚረሳው ጋር ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው (ቁጥሮቹ የኔ ፈጠራ ናቸው፣ ነገሩን ለማሳየት ብቻ)። ቡድናችሁ ቅዳሜ 28 ነጥብ ያስቆጥራል እንበል። ተጋጣሚው በዋናው ኳርተርባክ ከ17 እስከ 27 ያስቆጥራል፤ ብዙ ጨዋታ ስላያችሁት ክልሉን ታውቁታላችሁ። በተጠባባቂው ግን ከ3 እስከ 35 ድረስ ሊሆን ይችላል፣ አማካዩም ዝቅ ያለ ነው። ተመልከቱ፤ በዋናው ትንሽ ትጨነቃላችሁ፣ ግን ሁልጊዜ ታሸንፋላችሁ። በተጠባባቂው አብዛኛውን ጊዜ ትዝናናላችሁ፣ አንዳንዴ ግን ትሸነፋላችሁ። አማካዩ ወረደ፤ የመሸነፍ ዕድላችሁ ግን ከዜሮ ወደ ላይ ወጣ። በሰፊ ልዩነት ያሸንፋል የተባለ ቡድን ደጋፊ ይሄን «ምን እንደሚመጣ አይታወቅም» የሚል ነገር ሊወደው አይገባም። ሊወደው የሚገባው ደካማው ነው፤ ሌላ ተስፋ ስለሌለው።

እስካሁን የተጎዳው የአክስቴ ልጅ ኪስ ነው። በ2023 ግን ይሄንኑ ስሌት 13 አባላት ያሉት የፕሌይኦፍ ኮሚቴ ሠራው። ፍሎሪዳ ስቴት ሳይሸነፍ እየሄደ ሳለ ኖቬምበር 18 ላይ ዋናው ኳርተርባክ ጆርዳን ትራቪስ እግሩ ተጎዳና ዓመቱ አለቀ። ተጠባባቂው ቴት ሮደሜከር ገብቶ ፍሎሪዳን በሜዳው 24 ለ 15 አሸነፈ፤ ጭንቅላቱን ተመታ። ስለዚህ የኮንፈረንሱ ዋንጫ ላይ ሦስተኛው፣ የአንደኛ ዓመቱ ብሮክ ግሌን ጀመረ። ግሌን አላማረበትም፤ 21 ወርውሮ 8፣ በድምሩ 55 ያርድ። መከላከያው ግን ልዊቪልን 6 ነጥብ ላይ አስቀርቶ 16 ለ 6 አሸነፉ። 13 ጨዋታ፣ 13 ድል። በማግስቱ ዲሴምበር 3 ኮሚቴው አራቱን ሲያሳውቅ ፍሎሪዳ ስቴት አምስተኛ ነበር። አንድ ጊዜ የተሸነፈው አላባማ ገባ። ከትላልቆቹ ኮንፈረንሶች የአንዱ ሻምፒዮን ሆኖ፣ ሳይሸነፍ ከአራቱ ውጭ የቀረ የመጀመሪያው ቡድን ይሄ ነው። የተሰጠው ምክንያት ያለ ትራቪስ ቡድኑ ሌላ ቡድን ነው የሚል ነበር። ትራቪስ ራሱ፣ ምነው እግሬ ቀደም ብሎ ተሰብሮ ቡድኑ ከኔ በላይ መሆኑን ባያችሁ የሚል ሐሳብ ጻፈ። ይሄን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት።

ልብ በሉ፣ በ2014 ያው ኮሚቴ ኦሃዮ ስቴትን በሦስተኛ ኳርተርባክ አስገብቶታል። ያኔም ማስረጃው አንድ ጨዋታ ነበር፣ በ2023ም አንድ ጨዋታ። አንዱ 59 ለ 0 ስለሆነ ዓይን ይሞላል፤ ሌላው 16 ለ 6 ስለሆነ ያስጠላል። ናሙናው ግን ሁለቱም ጋ አንድ ነው። ደግሞም ግሌን የገባው ሮደሜከር ስለታመመ ነበር፤ ፕሌይኦፉ ሊጀመር አራት ሳምንት ይቀር ነበር። «በኋላ ጆርጂያ 63 ለ 3 አልቀጣቸውም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ቀጥቷቸዋል። ግን ያን ቀን ከሃያ በላይ የፍሎሪዳ ስቴት ተጫዋቾች አልነበሩም፤ ዕድሉ ከተወሰደባቸው በኋላ ብዙዎቹ ሄደዋል። ያን ውጤት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ሱቁን ዘግተህ «አየህ፣ ገበያ የለውም» እንደማለት ነው። በኔ እምነት መገመት የአወራራጅ ሥራ ነው። የኮሚቴ ሥራ የሆነውን መቁጠር ነው፣ የሆነው ደግሞ 13 ድል ነበር።

ሌላው የሚያሳስበኝ ልጆቹ ናቸው። 19 ዓመት የሞላው ተማሪ ኳስ ሲነጠቅ ትኬቱ የተቃጠለበት ሰው ስልኩ ላይ ገብቶ ይሰድበዋል፣ ያስፈራራዋል። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ በዚህ ምክንያት በአንድ ተጫዋች ቁጥር ላይ የሚደረግ ውርርድ እንዲታገድ ግዛቶችን ጠይቋል፤ ኦሃዮም ከማርች 1 ቀን 2024 ጀምሮ አግዶታል። የአክስቴ ልጅ አሁን «ልጁ ሁለት ኳስ ይነጠቃል» ብሎ መቁረጥ አይችልም። ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎኛል፤ እሱ ግን ተናዶ ነበር።

እንግዲህ ቅዳሜ የሚመጣው ልጅ ላይ መፍረድ የግድ ከሆነባችሁ፣ ከስሙ በፊት ሌላ ሌላውን ጠይቁ። ስንት ዓመት እዚያ ቡድን ውስጥ ቆየ? እንደሚጀምር ያወቀው ሰኞ ነው ወይስ ቅዳሜ ጠዋት? ሯጫቸው ጤነኛ ነው? ይሄኛው ከሁሉም ይበልጣል። ምክንያቱም አዲስ ኳርተርባክ የሚጋለጠው በሦስተኛው ዕድል ላይ 9 ወይም 10 ያርድ ሲቀረው ነው፤ ያኔ እንደሚወረውር ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ተከላካዮቹም መልካቸውን እየቀያየሩ ያምታቱታል። የቡድኑ ሩጫ ጥሩ ከሆነ የሚቀረው 2 ወይም 3 ያርድ ነው፤ 2 ያርድ ደግሞ እኔም አንደኛ ዓመት እያለሁ… እሺ፣ አልችልም፣ ግን ገብቷችኋል።

ዜናው ራሱ እውነት መሆኑንም አጣሩ። አሰልጣኞች ጉዳትን መደበቅ ይወዳሉ፤ ማክሰኞ «አይሰለፍም» የተባለው ቅዳሜ ሲያሟሙቅ የታየባቸው ሳምንታት አሉ። ቢግ ቴን ከ2023 ጀምሮ ቡድኖቹ ማን እንደሚሰለፍና እንደማይሰለፍ የሚያሳይ ሪፖርት እንዲያወጡ አስገድዷል፤ የሚወጣው ጨዋታው ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው። ለእኩለ ቀኑ ጨዋታ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት መሆኑ ነው። የአክስቴ ልጅ ትኬቱን የሚቆርጠው ማክሰኞ ነው።